የመጀመሪያ ታንኳችሁ፦ ውሃ የሚያስገባ ጀልባ ለምን አይሰምጥም?

ሰላም ቤተሰብ! እንደምን አደራችሁ? ባሕር ዳር ነን፣ ከኋላዬ የምታዩት ጣና ነው፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ነፋሱ ገና አልተነሳም፤ ስለዚህ ድምፄ ጥርት ብሎ ይሰማችኋል። ካልተሰማ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፤ ባለፈው ነፋሱ ግማሹን ወስዶብን ነበር።

ዛሬ ታንኳ እንሠራለን። የደንገል ታንኳ። ደንገል ማለት ሐይቁ ዳር ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ረጅም ቄጠማ መሰል ተክል ነው። ፋይበር አይደለም፣ ጣውላ አይደለም፣ ምስማር የለበትም። አንድ ሰውና መረቡን ይዞ የሚወጣ፣ ቀረሶም ይሁን አምባዛ ዓሣ ጭኖ የሚመለስ፣ ዳር ሲደርስ ደግሞ ሁለት ሰው አንስቶ የሚያቆመው ቀላል ታንኳ። ይህ ቪዲዮ ሠርተው ለማያውቁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ለሚያስገቡ ሰዎች ነው።

ከመጀመራችን በፊት ይህቺን ባልዲ እዩልኝ። ውሃ ሞልቻታለሁ። ሁለት የደረቀ ደንገል ቁራጭ ይዣለሁ፤ ከአንድ ዘንግ የተቆረጡ ናቸው፣ ሁለቱም አንድ አንድ ክንድ። አንዱን እንዳለ ከተትኩት። ሌላውን... ስሙት... ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በተረከዜ ረገጥኩት። እሱንም ከተትኩት። ሁለቱም ተንሳፈፉ፣ አይደል? እሺ። ባልዲዋ እዚያው ትቀመጥ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስባታለን። አትርሱብኝ።

አሁን ታንኳ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ታንኳ እንጀራ ነው።

እውነቴን ነው፤ ታንኳ እንጀራ ነው። ይህን ነገር ከያዝኩት ወዲህ ታንኳን በሌላ መንገድ ማሰብ አልችልም፤ እናንተም ዛሬ ከዚህ ቪዲዮ ስትወጡ አትችሉም።

እንጀራ ስትጋገር አስቡ። ሊጡ በእርሾ ኩፍ ይላል፣ ምጣዱ ላይ ሲፈስስ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዓይኗን ታወጣለች። ዓይን የሌላት እንጀራ ምን ትባላለች? አፍለኛ ሊጥ ነው፣ አልቦካም እንላለን። የእንጀራ ጌጧም ጥቅሟም ዓይኗ ነው። ዓይኑ ደግሞ ምንድነው? አየር የነበረበት ቦታ ነው። ባዶ ቦታ። ወጡ የሚገባው እዚያ ነው።

አሁን ደንገል ቁረጡ። በማጭድ አንድ ዘንግ ቁረጡና ቁራጩን ወደ ዓይናችሁ አስጠጉ። ዙሪያው ሦስት ማዕዘን ነው፤ ብዙ ሰው ክብ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ሦስት ማዕዘን ነው። ውጩ አረንጓዴ ጠንካራ ልጥ ነው። ውስጡ ነጭ፣ ለስላሳ፣ በጣትህ ስትጫነው የሚገባ። ያንን ነጩን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ብታዩት ዓይን አለው! ጥቃቅን ዓይን፣ ሺህ ዓይን። ተክሉ ሥሩ ጭቃና ውሃ ውስጥ ስለሆነ፣ እዚያ ታች ደግሞ አየር ስለማይገኝ፣ ከላይ ወደ ሥሩ አየር የሚያወርድበት ቧንቧ ነው። ለራሱ ትንፋሽ ብሎ የሠራው ነው፤ እኛ ደግሞ ለመንሳፈፊያ ተዋስነው።

ልዩነቱ ምንድነው? የእንጀራ ዓይን ወደ ላይ ክፍት ነው። ወጥ ጠብ ስታደርግባት ወዲያው ትጠጣለች። የደንገል ዓይን ግን ውስጥ ነው፣ በልጡ ተሸፍኗል። ውሃው የሚገባው ከተቆረጠው ጫፍና ከቆሰለው ቦታ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ይጠጣል፣ ግን ቀስ ብሎ ይጠጣል። የታንኳ ሥራ ሁሉ ይህችን ‘ቀስ’ የምትለዋን ማርዘም ነው።

ቆዩ፣ እንጀራውን አልጨረስኩም። ድርቆሽ ታውቃላችሁ። ውጭ ሀገር ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቃል፤ እናት ልጄ ራቀብኝ ብላ አድርቃ፣ ሰብራ፣ በከረጢት የምትልከው። አሥር ትኩስ እንጀራና የአሥር እንጀራ ድርቆሽ አንሱ። የትኛው ቀለለ? ድርቆሹ። ጤፉ ያው ነው፣ የሄደው ውሃው ብቻ ነው። አዲስ የተቆረጠ ደንገል ትኩስ እንጀራ ነው፦ ከባድ ነው፣ ውሃ አለበት። የደረቀው ድርቆሽ ነው። ውሃ ላይ ሰንብቶ ያልደረቀ አሮጌ ታንኳ ደግሞ ምን ይሆናል? ፍርፍር። ልክ ነው፣ ፍርፍር ይሆናል።

እናቶቻችን ድርቆሽ እንዴት ነው የሚያደርቁት? ይዘረጉታል። ያገላብጡታል። ነፋስ ያገኘዋል። ደራርበው ቢተዉት ግን ላዩ ይደርቅና ውስጡ ይሻግታል። ደንገልም እንዲሁ ነው። ቁልል አድርጋችሁ አታድርቁት። ዘርጉት፣ በየቀኑ አገላብጡት፣ መሬቱ እርጥብ ከሆነ ከሥሩ እንጨት አጋድሙ። እንደ ፀሐዩ ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ስጡት።

ይህን ስል በራሴ ደርሶብኝ ነው። የመጀመሪያ ታንኳዬን ስሠራ ደንገሉን አራት ቀን ነው ያደረቅኩት፣ ያውም ከምሬ። ያስተማሩኝ አባት መጥተው አንዱን ዘንግ መሐሉን በጥፍራቸው ጫን አደረጉና ‘ልጄ፣ ይሄ ገና አልሞተም፤ ተወው፣ ይቆይ’ አሉኝ። አልሰማሁም። ቸኩዬ ነበር። አሰርኩት፣ አወጣሁት፤ ከረፋዱ በፊት ውሃው መቀመጫዬ ላይ ደረሰ። ዳሩ ቅርብ ስለነበር ተመለስኩ። ያ ሁሉ ደንገል ከንቱ ቀረ፣ ያም ቀን ከንቱ ሄደ፤ የሳቸውን ምክር ባለመስማቴ ዛሬም ይቆጨኛል። ስለዚህ ዘንጉን መሐል ለመሐል ስበሩት፣ ነጩን በጥፍራችሁ ጫኑት። እርጥበት ከተሰማችሁ አልደረቀም። በቃ።

እኒህ አባት የነገደ ወይጦ ሰው ናቸው። ታንኳ በጣና ዳር ሲሠራ የኖረው በዚህ ማህበረሰብ እጅ ነው፤ ዓሣውን፣ ደንገሉን፣ የውሃውን ጠባይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለረጅም ዘመን ግን ሰው ታንኳውን እየተጠቀመ ሠሪውን ይንቅ ነበር። እኔ በዚህ ቻናል ላይ የማሳያችሁ ነገር ሁሉ ከነሱ የተማርኩት ነው። መማር የምትፈልጉ ሂዱና ጠይቋቸው፣ የጊዜያቸውንም ክፈሏቸው። ‘እስኪ ላንድ ቪዲዮ’ ብላችሁ ግማሽ ቀን አታስቆሟቸው።

እሺ፣ ወደ ሥራው።

ደንገሉን ቁረጡ፣ ሥሩን አትንቀሉ፤ ሥሩ ካለ ይበቅላል። አድርቁ፣ ብለናል። የተሰበረውን፣ የተረገጠውን፣ ነቀዝ የበላውን ለዩና ለወለል አስቀምጡት። ከዚያ ነዶ ነዶ አድርጉ። ወፍራሙን ጫፍና ቀጭኑን ጫፍ አፈራርቁ፣ አለበለዚያ አንዱ ወገን ይወፍራል። መሐል የሚሆነውን ረጅሙን እስር መጀመሪያ እሰሩ፤ ሁለቱን የጎን እስሮች ግራና ቀኝ አስጠጉና ከመሐሉ ጋር ስፉ። ገመዱን በየክንዱ አዙሩ፣ በእግር እየረገጣችሁ ሳቡ... ገመዱን ነው የምትስቡት፣ እግራችሁ እስሩ ላይ ጠፍጠፍ ብሎ ይረፍ፤ ተረከዝ አይሁን፣ ባልዲዋን አስታውሱ። የፊቱን ጫፍ ውሃ አርከፍክፉበት፤ ደረቅ ደንገል እንደ ድርቆሽ ነው፣ ስታጥፈው ይሰበራል፣ ሲርስ ግን ይታጠፋል። ወደ ላይ ሳቡት፣ በገመድ ወደ ኋላ ወጥሩት። የኋላውን ጫፍም እሰሩ። መሐሉ ላይ ወለል የሚሆን ልቅ ደንገል ደርድሩ፤ እሱ ላይ ነው የምትቀመጡት። አለቀ። እጃችሁ የሚለምደው ስትሠሩት ነው እንጂ እኔ ሳወራ አይደለም።

ስለ ገመዱ ግን ልቁም። ናይለን ገመድ ገበያ ላይ በየሱቁ አለ፣ ብዙ ሰው እሱን ይገዛል። እኔ አልወደውም። ናይለን ሲርስ ይለጠጣል። ከዛፍ ልጥና ከሌላ ተክል የተገመደ ገመድ ሲርስ ይኮማተራል፣ ይጠብቃል። ደንገሉ ደግሞ ውሃ ሲነካው ያብጣል። አያችሁ? ደንገሉ ያብጣል፣ የልጡ ገመድ ይጠብቃል፣ ታንኳው ውሃ ላይ ሲወጣ እንደገና ራሱን ያስራል! በናይለን ግን ደንገሉ ሲያብጥ ገመዱ ይላላል፣ ቀጭን ከሆነ ደግሞ የደንገሉን ልጥ ይቆርጠዋል። ናይለን ብቻ ካገኛችሁ ወፍራሙን ውሰዱ፣ አርጥባችሁና ወጥራችሁ እሰሩት። ልጥ ካገኛችሁ ግን ልጥ።

ስንት ይሸከማል? ቶሎ እንበለው። አንድ እስር ውፍረቱ ሠላሳ ሳንቲ፣ ርዝመቱ 4 ሜትር ቢሆን ወደ 280 ሊትር ቦታ ይይዛል። ሁለት እስር 560። ጫፉ ስለሚቀጥን ሩቡን ጣሉት፣ 420 ሊትር። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ታንኳው ሙሉ በሙሉ ቢዘፈቅ ውሃው 420 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋዋል። ከዚህ ላይ የታንኳውን ክብደት በሚዛን ለክታችሁ ቀንሱ፣ ራሳችሁን ቀንሱ፣ መረቡን ቀንሱ፣ ዓሣውን ቀንሱ። ከቀረው ላይ ቢያንስ ግማሹን አትንኩት፤ እሱ ታንኳው ቀኑን ሙሉ ለሚጠጣው ውሃ ነው። የመሐሉን እስር አልቆጠርኩትም፣ እሱ ምርቃት ነው።

አሁን... (ስልክ ያነሳል) ባለፈው አጭር ቪዲዮ ሥር የጻፋችሁልኝን አንብቤዋለሁ። አንድ ሐሳብ ደጋግሞ መጥቷል፣ ደጋግሞ ስለመጣ ጊዜ እሰጠዋለሁ። ‘ለምን በላስቲክ አትጠቀልሉትም?’ ‘ለምን ሬንጅ አይቀባም?’ ‘ውሃ እንዳይገባ ቢደፈን እኮ ዓመት ይቆያል!’ አንድ ወንድማችን ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ አምጥቶብኛል፤ ኦሪት ዘጸአት ላይ የሙሴ እናት የደንገሉን ሣጥን ዝፍትና ቅጥራን ቀብታዋለች፣ እሷ ያወቀችውን እናንተ እንዴት አላወቃችሁም ብሎ።

ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ደስ አለኝ። ግን ልብ በሉ። የሙሴ እናት የሠራችው ሣጥን ነው። ሣጥን ውስጥ ምን አለ? ሕፃን። ሕፃኑ እንዳይረጥብ ውሃው መግባት የለበትም። ሣጥኑ ዕቃ ነው፣ እንደ ድስት፣ እንደ ገበታ፦ ውስጡ ባዶ ሆኖ ውጩ የተደፈነ። ድስት ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ውስጡ አየር ስላለ ነው። ድስቱን ብትበሱት ውሃው ይገባል፣ ይሰምጣል።

ታንኳ ድስት አይደለም። ታንኳ ውስጥ የለውም! ታንኳ ላይ ነው የምትቀመጡት እንጂ ታንኳ ውስጥ አይደለም። ውሃው በእስሮቹ መሐል ይገባል፣ ይወጣል፤ ማዕበል ቢደፋበት በሥሩ ይፈስሳል፣ የሚቀዳ ነገር የለም። የጣውላ ጀልባ ያላችሁ ሰዎች ውሃ መቅጃ ጣሳ ይዛችሁ ትወጣላችሁ፣ አይደል? ታንኳ ያለው ሰው ጣሳ አያስፈልገውም። አየሩ አንድ ትልቅ ባዶ ቦታ ላይ አልተቀመጠም፤ በእያንዳንዱ ዘንግ፣ በእያንዳንዱ ዓይን ተበታትኖ ነው ያለው። አንዱ ዘንግ ቢጠጣ ሌላው አለ። ሺህ ቢጠጡ ሺህ አሉ።

‘እሺ፣ ቢሆንም ላስቲኩ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም’ ትሉኝ ይሆናል። ይጎዳል! ወደ እንጀራው ልመለስ። ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ሁለት ቀን ተዉት። ምን ሆነ? አላበው፤ ሻገተ። መሶብ ውስጥ ያደረው ግን ይተነፍሳል። ታንኳን በላስቲክ ስትጠቀልሉት መጀመሪያ ጥሩ ይመስላል። ከዚያ አንድ ቦታ ድንጋይ ይነካዋል፣ ይቀደዳል፣ ውሃ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ዳር አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ ብታቆሙትም አይደርቅም። ውጩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ይበሰብሳል፤ እናንተም አታዩትም። የሚበሰብስ ታንኳ ላይ እንደተቀመጣችሁ አለማወቅ ነው ከሁሉ የሚያስፈራኝ። ላስቲክ የሌለበት ታንኳ ግን ይናገራል፤ ዝቅ ካለ ታያላችሁ፣ ከከበደ ስታነሱት ትሰማላችሁ።

እስኪ አንድ ታሪክ። እ.ኤ.አ. በ1969 ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ ‘የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር’ ብሎ ተነሣ። ግብጽ ላይ ደንገሉ ስለጠፋ ደንገል ፍለጋ የት መጣ? ጣና! የኛ ደንገል ተቆርጦ ግብጽ ሄደ፤ በፒራሚዶቹ አጠገብ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች ‘ራ’ የተባለችውን መርከብ ሠሯት። ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክ ላይ ወጣች። ብዙ ሊቃውንት ደንገል በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ይሰምጣል ይሉ ነበር። ሁለት ወር ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት፣ ወደ ካሪቢያን ተቃርባ ነው የተተወችው። ያቃታት ደንገሉ አይደለም። የኋላዋ ጫፍ ነው። የጥንት ሥዕሎች ላይ ከኋላው ጫፍ ወደ ወለሉ የተወጠረ ገመድ ይታያል፤ ጫፉን ለማጠፍ ብቻ የታሰረ መስሏቸው አነሱት። ሥራው ግን ኋላዋን ተሸክሞ መያዝ ነበር። ገመዱ ሲቀር ኋላዋ ወረደ፣ ማዕበሉ እየደፋ እስሩን ፈታው። በዓመቱ፣ በ1970፣ ከቦሊቪያ የመጡ ሠሪዎች ‘ራ 2’ን ሠሩ፤ 57 ቀን ተጉዛ ባርቤዶስ ደረሰች። ስለዚህ የኋላውን ጫፍ እሰሩ ያልኳችሁን በፍጥነት አልፌው ነበርና ደግሜ ልበለው፦ የኋላውን ጫፍ እሰሩ። ወጥራችሁ እሰሩ።

ኢሳይያስም 18ኛው ምዕራፍ ላይ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ በደንገል ታንኳ መልእክተኛ ስለምትልክ ምድር ይናገራል። መጽሐፍ ያመጣህብኝ ወንድሜ፣ እኔም አመጣሁልህ። ታንኳና ሣጥን፣ ሁለቱም ደንገል፣ ሁለቱም መጽሐፉ ውስጥ አሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

እስካሁን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ በሚቀጥለው መቅዘፊያውን እንሠራለን። የኛ ታንኳ ቀዛፊዎች ረጅም ዘንግ መሐሉን ይዘው ግራ ቀኝ የሚቀዝፉትን አይታችኋል፤ እሱ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

ውሃ ላይ ስትወጡ ደግሞ ስሙኝ። ጠዋት ውጡ። ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፣ ከሐይቁ ነፋስ ወደ ዳሩ ይመጣል። ከሰዓት ጣና ሌላ ጣና ነው። ላይፍ ጃኬት ልበሱ፤ ታንኳው አይሰምጥም ማለት እናንተ አትወድቁም ማለት አይደለም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ፤ ከሱ ራቁ፣ ግልገል ካላት ደግሞ ይበልጥ ራቁ። ክረምት ላይ ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ወንዞቹ ይወጣል፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ። ያኔ የወንዙ አፍ ላይ መረብ አትዘርጉ። እነዚህ የጣና ነጭ ዓሣዎች አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ከአሥር የሚበልጡ ዝርያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም የሉም። የሚራባበትን መንገድ ዘግቶ የሚያዝ ዓሣ ለማንም አይበጅም፤ እባካችሁ።

ደንገሉም እየሳሳ ነው። ዳሩ ይታረሳል፣ ከብት ይገባበታል፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጥቶ ሐይቁ ላይ ተዘርግቷል። ልጅ ሆኜ ደንገል ውስጥ ገብተን የምንጠፋበት ቦታ ዛሬ ሜዳ ነው። ስለዚህ ለአንድ ታንኳ የሚበቃችሁን ብቻ ቁረጡ፣ ከአንድ ቦታ አትጨርሱ፣ ወፍ ጎጆ የሠራበትን ተዉት፤ ከመቁረጣችሁ በፊትም የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

አሁን ባልዲዋ! ኑ፣ ቅረቡ። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሊሆን ነው። ያልተረገጠው አሁንም ላዩ ደረቅ ነው፤ ስነካው... ስሙ፣ ደረቅ ድምፅ ነው። የረገጥኩት ግን ከውሃው እኩል ሆኗል። ሳወጣው ከበደኝ። ስጨምቀው... ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ያው ደንገል፣ ያው ዘንግ። ዓይኑ ስለፈረሰ ብቻ ነው።

ታንኳዬም ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ላይ ስለነበር ይውጣ። ማታ ውሃ ላይ አታሳድሩት፤ ከውሃው በወጣ ቁጥር ከደረቀ ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ያገለግላችኋል። ና ወንድሜ፣ ያዝልኝ በዚያ በኩል... አንድ፣ ሁለት፣ እህ! ቀጥ አድርገው። ዛፉ ላይ አስደግፈው፣ ፀሐዩ በሆዱ በኩል ያግኘው። ማይኩን ወደ ታች አውርድልኝ፣ ውሃው ከሥሩ ሲወርድ ይስሙት።